አውሎ ነፋስ ያስረፈደው አልበም

ቀረብ በሉማ! ዛሬ የማጫውታችሁ የማያሚ ልጆችን ታሪክ ነው። አገሩ ፍሎሪዳ፣ ዘመኑ በፈረንጆቹ 1987። ፖል ማስቪዳል ጊታሩን፣ ሾን ሬይነርት ድራሙን ይዘው፣ ገና በ16 ዓመታቸው፣ «ሲኒክ» የሚባል ባንድ አቆሙ።

ያኔ ፍሎሪዳ የዴዝ ሜታል መናኸሪያ ነበረች። ዴዝ ሜታል ምን ዓይነት ነገር ነው ለምትሉኝ፣ ጊታሩ እንደ ወፍጮ ያጉረመርማል፣ ድራሙ በሁለት እግር ይረገጣል፣ ድምፃዊው ደግሞ አይዘፍንም፤ ያጓራል። አዎ፣ እንደ ኮርማ። እኔ መጀመሪያ ስሰማው ቴፑ ካሴቱን የበላው መስሎኝ ነበር።

እነዚህ ልጆች ግን ሌላም ፍቅር ነበራቸው፤ ጃዝ። ጃዝና ማጓራት በአንድ ገበታ ይቀርባሉ ብሎ የሚያስብ ጥቂት ነው።

በ1991 የመንደሩ ታላቅ ቻክ ሹልዲነር «ዴዝ» ለተባለው ባንዱ ሁለቱን ጠራቸውና «ሂዩማን» የተሰኘውን አልበም አብረውት ተጫወቱ። ሃያ ዓመታቸው ነው። በዚያው ዓመት ሲኒክ ለሮድራነር የሙዚቃ ኩባንያ የማሳያ ቅጂ ሠራ። እንግዲህ የቀረው የራሳቸውን አልበም መቅዳት ነበር።

ነበር አልኩ።

ኦገስት 24 ቀን 1992 ጎህ ሳይቀድ ሀሪኬን አንድሩ የተባለው አውሎ ነፋስ ደቡብ ፍሎሪዳን መታ። ከ60 ሺህ በላይ ቤቶች ወደሙ። ከወደሙት አንዱ የሁለተኛው ጊታሪስት የጄሰን ጎበል ቤት ነው፤ ባንዱ የሚለማመድበትም ቦታ አብሮ ሄደ። ቀረጻው ተገፋ። እነሱ ግን እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም፤ በተረፋቸው ጊዜ አዳዲስ ዘፈን ጻፉ። እኔን ብትጠይቁኝ፣ ያ ነፋስ ቤት አፍርሶ አልበም ሠርቷል። በማሳያው ላይ ከነበሩት ዘፈኖች ሁለቱ እንደገና ተቀድተው አልበሙ ውስጥ አሉ፤ አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን ያዳመጠ ሰው በመሃል ስንት መንገድ እንደተጓዙ ይሰማዋል።

ማስቪዳል ድምፁን ሊያጣ እንደሚችል ስላሰጋው ማጓራቱን ለቶኒ ቲጋርደን ለቀቀ። እሱ ራሱስ? ድምፁን ቮኮደር በሚባል ማሽን ውስጥ አሳለፈው። የወጣው የሰው ነው ቢሉት የማሽን፣ የማሽን ነው ቢሉት የሰው፤ ከሩቅ ሰማይ የሚጣራ ይመስላል። ከሥር አውሬው ያጓራል፣ ከላይ ያ ድምፅ ይንሳፈፋል። ሾን ማሎን ደግሞ ቤዙን ያለሰልሰዋል፤ አንዳንዴም ቻፕማን ስቲክ የሚባለውን፣ ክሮቹን በሁለት እጅ ጣቶች መታ መታ እያደረጉ የሚጫወቱትን መሣሪያ ያነሣል።

አልበማቸው «ፎከስ» ታምፓ በሚገኘው ሞሪሳውንድ ስቱዲዮ ተቀድቶ በሴፕቴምበር 1993 ወጣ። 8 ዘፈን፣ 36 ደቂቃ ገደማ። በዓመቱ ከካኒባል ኮርፕስ ጋር በአሜሪካ ዞሩ። ካኒባል ኮርፕስ ማለት የማጓራት ጌታ ነው! ደም ደም የሚሸት ሙዚቃ ሊሰማ የመጣ ወጣት በመሃል ጃዝ ሲያቀርቡለት ምን ይላል? ሠርግ ቤት ጥሬ ሥጋ ጠብቆ ጎመን እንደመጣለት እንግዳ ነው። አልወደዳቸውም። ያው 1994 ሳያልቅ ባንዱ ፈረሰ።

አልበሙ ግን በእጅ በእጅ ዞረ። ያልሰማው ለሰማው «አምጣው እስቲ» እያለ፣ ያጓሩ የነበሩ ጊታሪስቶች ስለ ጃዝ መጠየቅ ጀመሩ። የሲኒክ ልጆችም በ2006 እንደገና ተሰባሰቡ፤ ሁለተኛውን አልበም በ2008 አወጡ። በሁለቱ አልበሞች መካከል ያለው 15 ዓመት ነው!

ከዚያ 2020 መጣ። ጃንዋሪ ላይ ሬይነርት በ48 ዓመቱ ሞተ። ዲሴምበር ላይ ማሎን በ50 ዓመቱ ተከተለው። በአንድ ዓመት ሁለቱ።

ማስቪዳል በ2023 የድሮውን ቅጂ እንደገና አስቀላቅሎ «ሪፎከስ» ብሎ አወጣው። በዚያ አልበም «ቴክስቸርስ» የምትባል አንዲት ዘፈን አለች። ቃል የላትም። የሚያጓራ የለም፣ ማሽኑም ዝም ብሏል። የሚሰሙት ጊታሮቹ፣ የማሎን ቤዝና የሬይነርት ድራም ብቻ ናቸው።