ሆድ ሲሰፋ፣ ልብ ሲደነድን፦ ስሜቱ በፊቱ ስለማይታይ ሰው የአማርኛ አጠራር

ሲደሰትም ሲያዝንም ፊቱ የማይለዋወጥን ሰው ለመጥራት አማርኛ ቃል አያንሰውም። ጭምት፣ ቁጥብ፣ ረጋ ያለ፣ የሰከነ፣ ቻይ፣ ሆደ ሰፊ፣ ኮስታራ፣ ድብቅ፣ ፈዛዛ፣ ድንዙዝ፣ ደንታ ቢስ፣ ልበ ደንዳና፣ ሲብስም በድን ይባላል። ዝርዝሩን ከምስጋና ወደ ነቀፋ በተርታ መደርደር ቀላል ነው፤ ብዙ የሚያስረዳ ግን አይመስለኝም። የዚህ መጣጥፍ መከራከሪያ ሌላ ነው። ከእነዚህ ቃላት አብዛኞቹ ስሜት መኖር አለመኖሩን አይለኩም። ስሜቱ መምጣቱን እንደ ታወቀ ነገር ይዘው፣ ሰውየው የመጣበትን እንዴት እንዳስተናገደው ይፈርዳሉ።

ማስረጃው ከቅጽሎቹ በፊት በግሦቹ ይገኛል። ከፋኝ፣ ጨነቀኝ፣ ደስ አለኝ፣ ናፈቀኝ፣ ቆጨኝ ስንል ባለስሜቱ የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት አይሆንም፤ ነገሩ የሚደርስበት ተሳቢ ነው። «ተሰማኝ» ራሱ እንደዚሁ ነው። አዘነ፣ ፈራ፣ ተቆጣ፣ ወደደ የሚሉት ግሦች በእርግጥ ሰውየውን ባለቤት ያደርጉታልና ጉዳዩን ሕግ አድርጎ ማወጅ አይቻልም። ወደ ስሜት አያያዝ ስንሻገር ግን ሰውየው ያለ ልዩነት ባለቤት ይሆናል፤ ዋጠ፣ ቻለ፣ ቋጠረ፣ አመቀ፣ ደበቀ። «ከፍቶት ዋጥ አደረገው» በሚለው አጭር አነጋገር ሁለቱም ወገን አለ። መከፋቱ መጣበት፤ መዋጡ ግን የራሱ ሥራ ነው። ምስጋናውም ወቀሳውም የሚያርፈው በዚህ በሁለተኛው ላይ ነው።

የተዋጠው ነገር ማረፊያም አለው። በአማርኛ ይህ ማረፊያ በአብዛኛው ሆድ ነው። ሆደ ባሻ ቶሎ የሚከፋው ነው፤ ሆደ ቡቡ ለእንባ የቀረበ ነው፤ ሆደ ሰፊ ግን ብዙ ይዞ የማይገነፍል ነው። «ሆድ ይፍጀው» የሚል ሰው የሚፈጅ ነገር እንዳለ አስቀድሞ ተናግሯል። ሌሎቹም የምስጋና ቃላት ይህንኑ ይመሰክራሉ። «ሰከነ» ለድፍርስ ጠላም ለሰውም ይነገራል፤ ያልደፈረሰ ነገር ሰከነ አይባልም። «ቁጥብ» ከገንዘብ ቁጠባ ጋር አንድ ግሥ ይጋራል፤ የሌለውን የሚቆጥብ ደግሞ የለም። ነቀፋው የሚጀምረው ወደ ልብ ስንመጣ ነው። ደነደነ ማለት ወፈረ፣ ጠጠረ ማለት ነው፤ የዘጸአቱ ፈርዖን ሲሰበክ እንደምንሰማው ልበ ደንዳና የሌላው መከራ የማይዘልቀው ሰው ነው። ሆድ ሲሰፋ ያስገባል፣ ልብ ሲደነድን አያስገባም፤ ከውጭ ሲታይ ግን የሁለቱም ፊት አንድ ዓይነት ሊሆን ይችላል።

ታዲያ ተመልካቹ በምን ይለያቸዋል? መልሱ ያለው ከፊቱ ይልቅ በአጋጣሚው ላይ ነው። መርዶን እንውሰድ። የሞተውን ዘመድ ዜና የሰሙ ወዳጆች ለባለቤቱ ወዲያው አይነግሩም፤ ይመካከራሉ፣ ሽማግሌ ወይም የንስሐ አባት ይፈልጋሉ፣ አብዛኛውን ጊዜም ማለዳ ተሰብስበው ይሄዳሉ። በስደት የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም ልማዱን ይዘውት ተሻግረዋል፤ ዋሽንግተን ወይም ፍራንክፈርት ላይ ሰው ወደ ሥራ ሳይወጣ በር የሚያንኳኳ ቡድን ሲመጣ ባለቤቱ ገና ሳይነገረው ይገባዋል። በዚህ መሐል ምሽቱን ከሐዘንተኛው ጋር ራት የበላ፣ ስለ ሥራና ስለ ልጆች ያወጋ፣ አንዴም ፊቱ ያልተለወጠ ሰው ይኖራል። ይህን ሰው ማንም ልበ ደንዳና አይለውም፤ ቻይ ይባላል። መርዶው ከተነገረ በኋላ ግን ያው ፊት ሌላ ስም ያወጣል። ለቅሶ ቤት እንባ ዕዳ ነው፤ አልቃሿ ሙሾ ስታወርድ ዓይኑ ደርቆ የተቀመጠ የሥጋ ዘመድ ይታማል፤ «ምን ዓይነት አንጀት ነው ያለው?» ይባላል። ከቀናት በፊት ያስመሰገነው ዝምታ አሁን የሚያስጠረጥረው ሰዓቱ ስለ ተለወጠ ብቻ ነው። ፆታም ገብቶበታል፤ ጭምትነት በተለይ ለሴት ልጅ ሲመረጥ፣ ኮስታራነት ለወንድ አለቃ እንደ ማዕረግ የሚቆጠርበት ጊዜ ብዙ ነው።

ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው «ሰምና ወርቅ» ጥናቱ ለድርብ ትርጉም በአማራ ባህል ውስጥ ትልቅ ቦታ ሰጥቶ ነበር። መጽሐፉን ይዘው ቁጥብነትን ሁሉ ወደ ምስጢረኝነት የሚስቡ አንባቢዎች ግን ነገር ያምታታሉ። ሰምና ወርቅ እንዲፈታ የተሰናዳ ንግግር ነው፤ የዋጠ ሰው እንዲፈቱት አይፈልግም።

ከግዕዝ ጽሑፎች ለዚህ የሚቀርበው የስክንድስ ታሪክ ነው። ከግሪክ ተነሥቶ በዐረብኛ በኩል ወደ ግዕዝ የደረሰውንና ክላውድ ሰምነር በኢትዮጵያ ፍልስፍና ጥናታቸው ያካተቱትን ይህን ድርሰት ስለ ጥበብ አባባሎቹ የሚያነሡት ብዙዎች ናቸው፤ እኔን ይበልጥ የሚስበኝ የዝምታው ምክንያት ነው። ፈላስፋው እናቱን በፈተናት ጊዜ በኀፍረት ራሷን ታጠፋለች፤ እሱም ለጥፋቱ መንሥኤ የሆነችውን አንደበቱን ለዘለዓለም ይዘጋል። በግሪኩ ቅጂ ንጉሠ ነገሥት ሐድርያን በሰይፍ ሲያስፈራራው አይናገርም፤ ለገዳዩ በምስጢር የተሰጠው ትእዛዝ ደግሞ ከተናገረ እንዲገደል፣ ዝም ካለ እንዲመለስ ነበር። ስክንድስን በሩቅ ያየው ሰው በድን ይለው ይሆናል። ታሪኩ ግን ዝምታውን የሚያቆመው በጸጸት ላይ ነው።

የሥነ ልቦና ቤተ ሙከራም ከዚህ ብዙ አልራቀም። ጄምስ ግሮስና ሮበርት ሌቨንሰን እ.ኤ.አ. በ1993 ባወጡት ጥናት የሚያጸይፍ ፊልም እያዩ ስሜታቸውን እንዲደብቁ የተነገራቸው ሰዎች ፊታቸውን መግታት ችለዋል፤ በአንዳንድ የሰውነት መለኪያዎች ግን መረበሻቸው ከሌሎቹ ጨምሮ ታይቷል። አን ክሪንግና ጆን ኒል እ.ኤ.አ. በ1996 ስኪዞፍሬንያ ያለባቸው ሰዎች ፊልም ሲመለከቱ ከጤነኞቹ ያነሰ የፊት እንቅስቃሴ ቢያሳዩም የተሰማቸው ስሜት እንዳልቀነሰ መናገራቸውን ዘግበዋል። የፓርኪንሰን ሕመም የፊት ጡንቻን ሲያዘገይም እንዲሁ ነው፤ ቤተሰብ አባታችን አኩርፏል ብሎ የሚያዝነው አባትየው ምንም ሳያኮርፍ ነው። ፒተር ሲፍኒዮስ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ አሌክሲታይሚያ ብሎ የሰየመው ደግሞ የተለየ ነው፤ ባለቤቱ የተሰማውን ለይቶ በቃል መግለጽ ይቸግረዋል።

እዚህ ላይ አማርኛችን ይጠበዋል። የነባሩ ቃል ባለቤት ሁልጊዜ የዋጠ ወይም የደነደነ ሰው ነውና፣ ሳይፈልግ ፊቱ የታሰረበትን ሰው ያለ ፍርድ የሚጠራበት ነጠላ ቃል በቀላሉ አይገኝም። በጽሑፍ እየተለመደ የመጣው «ስሜት አልባ» ክፍተቱን የሚሞላ ይመስላል፤ ነገር ግን በፊት ላይ ያልታየውን ከውስጥም እንደሌለ አድርጎ ስለሚደመድም ከ«ልበ ደንዳና» የባሰ ስሕተት ነው። በሕክምና ካርድ ላይ ለሚጽፍ ሰው የምመርጠው ረዘም ያለውን አነጋገር ነው፤ «ስሜቱ በፊቱ አይታይም» ብሎ ጽፎ፣ ቀጥሎ ታማሚውን «ምን ተሰማዎት?» ብሎ ጠይቆ፣ መልሱን በሌላ መስመር ማስፈር።