በእጅ እየነኩ መማር፦ ከብት አርቢ የነበሩት የፊዚክስ ሊቅ ያቆሙት የሳይንስ ሙዚየም

በብዙ ሙዚየሞች ጎብኚን የሚቀበለው «መንካት ክልክል ነው» የሚል ማስታወቂያ ነው። በአሜሪካ ሳን ፍራንሲስኮ ከተማ የሚገኘው ኤክስፕሎራቶሪየም ግን የተመሠረተው በተቃራኒው ሐሳብ ላይ ነው። ልጆችና ወላጆች የቀረበላቸውን ዕቃ ያሽከረክራሉ፣ ይጎትታሉ፣ ይነፋሉ፤ የሆነውን አይተውም «ለምን?» ብለው ይጠይቃሉ።

የሙዚየሙ አመሠራረት

መሥራቹ ፍራንክ ኦፐንሃይመር የአቶሚክ ቦምብን የሠሩ ሳይንቲስቶችን የመሩት የሮበርት ኦፐንሃይመር ታናሽ ወንድም ናቸው። እ.አ.አ በ1949 ቀደም ሲል የኮሚኒስት ፓርቲ አባል እንደነበሩ በአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴ ፊት በማመናቸው የዩኒቨርሲቲ መምህርነታቸውን አጡ። ከዚያም ኮሎራዶ ግዛት ውስጥ ፓጎሳ ስፕሪንግስ በምትባል ትንሽ ከተማ አቅራቢያ መሬት ይዘው ለዓመታት ከብት አረቡ።

እ.አ.አ በ1957 በዚያችው ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳይንስ ማስተማር ጀመሩ። ተማሪዎቻቸውን ያረጁ ማሽኖች ወደሚጣሉበት ስፍራ እየወሰዱ በተለቀመው ቁርጥራጭ የተፈጥሮን ሕግ ያሳዩአቸው ነበር። ወደ ዩኒቨርሲቲ ከተመለሱ በኋላም ተማሪዎች ራሳቸው የሚሞክሯቸውን መሣሪያዎች አዘጋጁ። ኤክስፕሎራቶሪየም እ.አ.አ በ1969 የተከፈተው ከዚህ ልምድ ተነሥቶ ነው። እ.አ.አ ከ2013 ጀምሮ በከተማዋ ወደብ ላይ በሚገኝ ሰፊ ሕንጻ አገልግሎት ይሰጣል።

መሣሪያዎቹ ምን ያስተምራሉ?

በአንደኛው መሣሪያ ከታች በኃይል የሚነፍስ አየር ኳስን አየር ላይ ያንሳፍፋል። ልጁ ኳሱን ወደ ጎን ሲጎትተው ነፋሱ መልሶ ወደ መሐል ሲስበው በእጁ ይሰማዋል። በሌላኛው ጎብኚው በሚሽከረከር ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚዞር የብስክሌት ጎማ በሁለት እጁ ይይዛል፤ ጎማውን ሲያዘነብለው ወንበሩ ራሱ መዞር ይጀምራል። በጽሑፍ ሲነበብ የሚከብደው የእንቅስቃሴ ሕግ በዚህ ጊዜ በሰውነት ይታወቃል።

በአዳራሹ የሚዘዋወሩት አስረጂዎች ብዙዎቹ ወጣት ተማሪዎች ናቸው። ተግባራቸው ጎብኚውን በጥያቄ ማነሣሣት ነው።

የበሬ ዓይን

ለአርሶ አደር ቤተሰብ ይበልጥ የሚቀርበው ግን አስረጂዎቹ በሕዝብ ፊት የሚያሳዩት የከብት ዓይን ምርመራ ነው። ዓይኑ ሲከፈት እንደ ብርጭቆ የጠራ ትንሽ ሌንስ ይወጣል፤ በፊደል ላይ ሲያዝ ፊደሉን ያጎላል። ከዓይኑ ጀርባ ደግሞ ሰማያዊና አረንጓዴ የሚያንጸባርቅ ሽፋን ይታያል። ይህ ሽፋን በዓይን ውስጥ ያለፈውን ብርሃን መልሶ ስለሚያንጸባርቅ ከብት በድንግዝግዝ የተሻለ እንዲያይ ይረዳዋል። ሌሊት ባትሪ ሲበራባቸው የከብቶች ዓይን የሚያበራውም በዚሁ ምክንያት ነው። የሰው ዓይን ይህ ሽፋን የለውም።

ለበዓል የቅርጫ በሬ ሲታረድ ይህንኑ ትምህርት በገጠር መስጠት ይቻላል። በሬው ጤነኛነቱ የተረጋገጠ ሊሆን፣ ቢላዋውን አዋቂ ሊይዝ፣ የነካ ሁሉ እጁን በሳሙና ሊታጠብ ይገባል።

ወደ ትምህርት ቤትና ወደ ቤት

ኤክስፕሎራቶሪየም የመሣሪያዎቹን አሠራር ሌሎች እንዲጠቀሙበት እ.አ.አ ከ1975 ጀምሮ በመጽሐፍ አሳትሟል፤ በዚህም በልዩ ልዩ አገሮች ተመሳሳይ ሙዚየሞች እንዲስፋፉ አግዟል። በኢትዮጵያም በ2015 ዓ.ም መስከረም ወር በአዲስ አበባ የሳይንስ ሙዚየም ተመርቋል። ይሁን እንጂ የገጠር ልጅ ሁሉ ወደ መዲናዋ መምጣት አይችልም።

ኦፐንሃይመር በትንሿ ከተማ ያስተማሩት ያለ ሙዚየም ሕንጻ ነበር። ሁለት ወረቀቶችን በትንሹ አራርቆ በመካከላቸው መንፋት ብቻ አንድ ትምህርት ነው፤ ብዙ ልጆች ይራራቃሉ ብለው ሲጠብቁ ወረቀቶቹ ይቀራረባሉ። የመምህርም ሆነ የወላጅ ድርሻ መልሱን አስቀድሞ አለመናገር፣ «ምን ይሆናል ብለህ ታስባለህ?» ብሎ መጠየቅና ልጁ ራሱ እንዲሞክር ጊዜ መስጠት ነው። የሸመደደውን የሚረሳ ልጅ በእጁ ሞክሮ የደረሰበትን በቀላሉ አይረሳም።