የመሐንዲስነት ማዕረግ ታሪክ፤ አደራው ከየት መጣ?

(በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በተለይ ካልተገለጸ በስተቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)



በስደት በምንኖርበት ከተማ ሁሉ መሐንዲስ ወገን አይጠፋም። አንዱ በአዲስ አበባ ኢንጂኒየሪንግ ኮሌጅ ተመርቆ መንገድና ድልድይ ሲያሠራ የኖረ ነው፤ ሌላው በሩሲያ፣ በኩባ ወይም በጀርመን ተምሮ የመጣ ነው። ከእነዚህ መካከል ብዙዎቹ ታክሲ ይነዳሉ፣ የመኪና ማቆሚያ ይጠብቃሉ፣ ወይም ሌላ ሰው በሚፈርምበት ፕላን ላይ ከጀርባ ሆነው ይሠራሉ። ምክንያቱ ሲጠየቅ መልሱ አንድ ነው፤ በአሜሪካ «ፈቃድ የለህም»፣ በእንግሊዝ «ቻርተርድ አይደለህም» ይባላሉ።

ለመሆኑ ይህ ፈቃድ፣ ይህ ቻርተር የሚሉት ነገር ማን አመጣው? መጤን ለማስቀረት የታጠረ አጥር ነው ወይስ ሌላ ምክንያት አለው? ነገሩን ከሥሩ ለማየት ሁለት መቶ ዓመት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል።

በቡና ቤት የተጀመረ ማኅበር

በድሮው እንግሊዝ መሐንዲስ ማለት ምሽግ የሚሠራ፣ መድፍ የሚተክል ወታደር ነበር። የባሕር መብራት ግንብ በመሥራት ስሙ የገነነው ጆን ስሚተን ራሱን «ሲቪል መሐንዲስ» ብሎ በመጥራት ሥራውን ከወታደሩ ለየ። እሱና ባልደረቦቹ በ1771 ማኅበር አቋቋሙ። ነገር ግን ይህ ማኅበር የታወቁ ሰዎች እራት እየበሉ የሚጨዋወቱበት ክበብ እንጂ ወጣት የሚማርበት አልነበረም።

ጃንዋሪ 2 ቀን 1818 ጥቂት ወጣቶች በለንደን ፍሊት ስትሪት በሚገኝ ኬንዳል በሚባል ቡና ቤት ተሰበሰቡ። በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲዎች ምሕንድስናን አያስተምሩም ነበር፤ ሙያው የሚገኘው አንድ አለቃ ሥር ገብቶ ዓመታት በማገልገል ነው። ወጣቶቹም እርስ በርስ ለመማማር ተስማምተው የሲቪል መሐንዲሶችን ማኅበር መሠረቱ። የሚሰማቸው ሰው ግን አላገኙም። በ1820 ቶማስ ቴልፎርድን ፕሬዚዳንት እንዲሆናቸው ለመኑት፤ እሱም እሺ አለ።

ቴልፎርድ ማን ነበር? በስኮትላንድ በ1757 የተወለደ የእረኛ ልጅ ነው። አባቱ የሞተበት ገና ሕፃን ሳለ ነው። በልጅነቱ ለድንጋይ ጠራቢ ተቀጠረ፤ ዩኒቨርሲቲ የሚባል ደጃፍ አልረገጠም። ይህ ድንጋይ ጠራቢ ነው በዌልስ የሜናይን ተንጠልጣይ ድልድይ የሠራው። በ1826 የተከፈተው ድልድይ ዋናው መሻገሪያው 176 ሜትር ነው። ቴልፎርድ ሲሞት የተቀበረው ታላላቅ ሰዎች በሚቀበሩበት በዌስትሚኒስተር አቤይ ነው። በ1847 ለተቋቋመው የሜካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት የሆነው ጆርጅ ስቲቨንሰንም የባቡር ሐዲድ አባት ከመባሉ በፊት የድንጋይ ከሰል ማዕድን ሠራተኛ ልጅ ነበር፤ ማንበብና መጻፍ የተማረው ወደ አሥራ ስምንት ዓመቱ ገደማ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ራሳችን ጥቂት ማንሳት ይገባል። በአገራችን ብረት የሚቀጠቅጠው፣ ሸክላ የሚሠራው፣ ቆዳ የሚፍቀው ሰው ሲሰደብና ሲገለል ኖሯል። ዓፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. (በአውሮፓ 1908) ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። እንግሊዞቹ በዚያው በእጅ ሥራ ያደገውን ሰው ለማኅበራቸው ራስ አደረጉት። ልዩነቱ ትንሽ አይደለም።

በቴልፎርድ መሪነት ማኅበሩ ጁን 3 ቀን 1828 ከንጉሥ ጆርጅ አራተኛ ቻርተር አገኘ። ቻርተሩ ሲጠየቅ የሙያውን ትርጉም እንዲጽፍ የተደረገው በወጣትነቱ አናጢ የነበረው ቶማስ ትሬድጎልድ ነው። የትርጉሙ ፍሬ ነገር መሐንዲስ የተፈጥሮን ኃይል ለሰው ጥቅም የሚመራ ነው የሚል ነው። ቻርተር ማለት እንግዲህ ይህ ነው፤ መንግሥት አንድን የሙያ ማኅበር በሕግ አውቆ «ይህን ሥራ ለሕዝብ ጥቅም ጠብቁ» ብሎ የሚሰጠው አደራ ነው።

በዚያ አደራ ውስጥ ግን ሁሉም ሰው አልተቆጠረም። የሲቪል መሐንዲሶች ማኅበር ሴት አባል ያየው ቻርተሩን ካገኘ ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ1927 ዶሮቲ ቡካነን ፈተናውን አልፋ ስትገባ ነው። በር ዘግቶ መቆየት የውጭ አገር ሰው ላይ ብቻ የተጀመረ እንዳልሆነ ከዚህ እንረዳለን።

ድልድይ ሲወድቅ

አደራ የሚፈተነው ነገር ሲበላሽ ነው። በስኮትላንድ በቴይ ወንዝ መገናኛ ላይ በ1878 የባቡር ድልድይ ተከፈተ። ንግሥት ቪክቶሪያ የድልድዩን መሐንዲስ ቶማስ ባውችን «ሰር» አሰኘችው። ዲሴምበር 28 ቀን 1879፣ እሑድ ማታ፣ ከባድ ማዕበል ሲነፍስ የድልድዩ መካከለኛ ክፍል ከነባቡሩ ወደ ውኃው ወረደ። ከተሳፋሪው አንድም ሰው አልተረፈም፤ የሞቱት 75 ያህል ናቸው ሲባል ኖሯል። መርማሪዎቹ ጉድለት ያገኙት በንድፉም፣ በአሠራሩም፣ በጥገናውም ነው፤ የነፋሱ ግፊት በሚገባ አልታሰበም ነበር። ባውች በዓመቱ ሞተ። የንግሥት ማዕረግ ድልድይ እንደማያቆም ሕዝብ በዚያ ምሽት አየ። በዚያው ምዕተ ዓመት መጨረሻ የሲቪል መሐንዲሶች ማኅበር አባል የሚሆን ሰው ፈተና እንዲቀመጥ ማድረግ ጀመረ።

ኦገስት 29 ቀን 1907 ደግሞ በካናዳ የኩቤክ ድልድይ ገና በመሠራት ላይ ሳለ ተደርምሶ 75 ሠራተኞች ሞቱ። የድልድዩ ርዝመት ሲጨመር የራሱ ክብደት እንደገና አልተሰላም ነበር። ዋናው አማካሪ መሐንዲስ በኒው ዮርክ ተቀምጦ ነበር ሥራውን የሚከታተለው። ብረቱ መጣመም መጀመሩን ሰምቶ ተጨማሪ ጭነት እንዳይደረግ ቴሌግራም ቢልክም ትእዛዙ ድልድዩ ዘንድ ሳይደርስ ቀረ። በካናዳ የሚኖሩ ወገኖቻችን በመሐንዲሶች ትንሽ ጣት ላይ የብረት ቀለበት አይተው ይሆናል። ይህ ቀለበት በ1925 ከተጀመረ የቃል ኪዳን ሥርዓት የመጣ ነው። ከወደቀው ድልድይ ብረት የተሠራ ነው የሚባለው ተረት ነው፤ ቀለበቱ የሚያስታውሰው አደራ ግን እውነት ነው።

አሜሪካ፤ ሕግ የወጣበት ምክንያት

እንግሊዝ ነገሩን በማኅበር ስታስተካክል አሜሪካ በሕግ ሄደችበት። መጀመሪያ የጀመረችው በ1907 ዋዮሚንግ ናት። በዚያ ደረቅ አገር የውኃ መብት ለማግኘት የመስኖ ካርታና ፕላን ማቅረብ ግዴታ ነበር። የስቴቱ ዋና መሐንዲስ የቀረቡለትን ወረቀቶች ሲመለከት ጠበቃውም፣ ውል አዋዋዩም ራሱን መሐንዲስ እያለ ሲፈርም አገኘ። በዚህ ምክንያት ሕግ ወጣ፤ በዚያው ዓመት በኦገስት ወር ቻርልስ ቤላሚ የተባለ ቀያሽ በአሜሪካ የመጀመሪያው ባለ ፈቃድ መሐንዲስ ሆነ።

ቴክሳስን ያነቃት ደግሞ ዕንባ ነው። ማርች 18 ቀን 1937 በኒው ለንደን ከተማ በአንድ ትምህርት ቤት ሥር የተጠራቀመ ጋዝ ፈንድቶ ወደ 300 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ሞቱ። ጋዙ ሽታ ስላልነበረው ማንም አላወቀም። በዚያው ዓመት ቴክሳስ የመሐንዲሶችን ምዝገባ በሕግ ደነገገች፤ ዛሬ በየቤታችን ምድጃ የምናሸተው የጋዝ ሽታም ሆን ተብሎ እንዲጨመር የተደረገው ከዚህ አደጋ በኋላ በወጡ ሕጎች ነው። እስከ 1950 ድረስ ስቴቶቹ ሁሉ ተመሳሳይ ሕግ አውጥተው ነበር።

ማኅተም ያደረገ ሰው ይጠየቃል

ማዕረግ ማግኘት አንድ ነገር ነው፤ ጠብቆ ማቆየት ሌላ ነው። ይህን የሚያሳየው ጁላይ 17 ቀን 1981 በሚዙሪ ስቴት በካንሳስ ሲቲ ከተማ በሃያት ሪጀንሲ ሆቴል የደረሰው አደጋ ነው። በአዳራሹ ውስጥ በአየር ላይ ተንጠልጥለው የነበሩ ሁለት መተላለፊያዎች በዳንስ ምሽት ሰው ላይ ወድቀው 114 ሰዎች ሞቱ፤ ከ200 በላይ ቆሰሉ።

ምክንያቱ ለማንም የሚገባ ነው። በመጀመሪያው ፕላን ሁለቱም መተላለፊያዎች ከጣሪያ በሚወርድ በአንድ ረጅም የብረት ዘንግ ላይ ይንጠለጠሉ ነበር። በኋላ ለሥራ እንዲቀል ዘንጉ ለሁለት ተከፈለ፤ የታችኛው መተላለፊያ ከላይኛው ላይ እንዲንጠለጠል ተደረገ። ሁለት ሰዎች አንድ ገመድ በየእጃቸው ቢይዙ እያንዳንዱ የራሱን ክብደት ይችላል። አንደኛው ገመዱን ትቶ የሌላውን እግር ቢይዝ ግን የላይኛው እጅ የሁለት ሰው ሸክም ይወድቅበታል። ከላይኛው መተላለፊያ ቢም ሥር ያለው ዳዶ ላይ የወደቀው እንዲህ ያለ እጥፍ ሸክም ነው። ፕላኑ በመሐንዲሱ ቢሮ አልፎ ማኅተም ተደርጎበት ነበር፤ መገጣጠሚያውን ግን በሚገባ ያሰላው ሰው አልነበረም። ኀላፊ የነበሩት መሐንዲሶች በሚዙሪ ስቴት ፈቃዳቸውን ተነጠቁ። «ለውጡን ያመጣው ብረቱን ያዘጋጀው ኩባንያ ነው» የሚለው ክርክር አላዳናቸውም። ማኅተም ያደረገ ሰው አደራውን ተቀብሏልና።

ዛሬ እንዴት ይገኛል?

በእንግሊዝ «ቻርተርድ ኢንጂኒየር» የሚለው ስም በብዙ ማኅበራት ተበታትኖ የነበረው በ1960ዎቹ አንድ ወጥ ሆነ፤ በ1981 ራሱን የቻለ ቻርተር የተሰጠው የኢንጂኒየሪንግ ካውንስል ተቋቋመ። በዚያ አገር ማንም ራሱን ኢንጂኒየር ቢል በሕግ አይያዝም፤ «ቻርተርድ» ለማለት ግን መመዝገብ ግድ ነው። አመልካቹ የሚመዘነው በአምስት ነገሮች ነው፤ እነሱም ዕውቀቱ፣ ዕውቀቱን ለንድፍና ለችግር መፍቻ ማዋሉ፣ ኀላፊነት መሸከሙና ሥራ መምራቱ፣ ከሰው ጋር መግባባቱ፣ እንዲሁም ለሙያው ሥነ ምግባርና ለደኅንነት ያለው ታማኝነት ናቸው። ከዚያ የሙያ ባልደረቦቹ ፊት ለፊት ይጠይቁታል። ካገኘም በኋላ በየዓመቱ መማሩን መዝግቦ መያዝ አለበት፤ ሲጠየቅ ደጋግሞ ያላቀረበ ከመዝገብ ሊሰረዝ ይችላል።

በአሜሪካ ፈቃዱን የሚሰጠው እያንዳንዱ ስቴት ነው። በብዙዎቹ ስቴቶች መንገዱ ተመሳሳይ ነው፤ የዲግሪ ማስረጃ፣ የመሠረታዊ ዕውቀት ፈተና፣ አብዛኛውን ጊዜ አራት ዓመት የሚሆን የሥራ ልምድ፣ እንዲሁም የሙያው ፈተና። ከውጭ አገር የተገኘ ዲግሪ በቅድሚያ ይገመገማል። በ1989 አሜሪካና እንግሊዝን ጨምሮ ስድስት አገሮች የተፈራረሙት የዋሽንግተን ስምምነት የምሕንድስና ዲግሪን እርስ በርስ ለማወቅ ረድቷል። ሆኖም ስምምነቱ የሚመለከተው ዲግሪን ነው፤ ፈቃድን ለማንም አይሰጥም።

እኛስ?

እንግዲህ ታሪኩ ይህን ይመስላል። ሕጉ የወጣው እኛን አስቦ አይደለም፤ የሞቱትን አስቦ ነው። ይህን ማወቅ ቁጭቱን ባያጠፋውም አቅጣጫ ይሰጠዋል። ችግሩ እውነተኛ ነው፤ ከአገር ቤት የትምህርት ማስረጃ ማስላክ ወራት ይፈጃል፣ ፈተናው ገንዘብና ጊዜ ይጠይቃል፣ ማታ ታክሲ ነድቶ ቀን ማጥናት ቀላል አይደለም። ከሁሉም የሚከብደው ግን ሰው ማጣት ነው። ማመልከቻው ላይ ሥራውን የሚያውቅና የሚመሰክርለት ባለ ፈቃድ መሐንዲስ ይፈለጋልና።

ይህን ደግሞ ማንም መንግሥት አይሰጠንም። በመካከላችን ፈቃዱን ያገኙ ወገኖች አሉ። እነሱ አንዳንድ ወንድምና እኅት ሥራ ቢያስገቡ፣ መጽሐፋቸውን ቢያውሱ፣ ለፈተና የሚዘጋጁትን በሳምንት አንድ ቀን ቢያስጠኑ ለብዙዎች መንገድ ይከፈታል። አለአግባብ ይፈርሙ ማለታችን አይደለም፤ የካንሳስ ሲቲውን ማኅተም አይተናል። በሚገባ አሠርተው፣ አይተው፣ ከዚያ ይመስክሩ ነው። ተስፋ የቆረጠውም ወገን የቴልፎርድን ታሪክ ያስብ። ዕድሜው ገፍቶ ከሆነም ልጆቹን ያስብ፤ አባታቸው መሐንዲስ እንደነበረ ብቻ ሳይሆን መሐንዲስነት ምን ዓይነት አደራ እንደሆነ ይንገራቸው።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይላል የአገራችን ሰው። ያ ታላቅ ማኅበር የተጀመረው ጥቂት ወጣቶች በአንድ ቡና ቤት ተገናኝተው ለመማማር ሲስማሙ ነው። ቡናስ ከእኛ ቤት መቼ ጠፍቶ ያውቃል?

ቸር ይግጠመን።