ጓሮ አደር

«ሆምስቴዲንግ» የሚለውን ቃል በአማርኛ ልጽፍ ስል ብዕሬ ይቆማል። «እርሻ» ብለው ገበያ ይታየኛል፤ «ቁጠባ» ብለው የባንክ ደብተር። «ራሱን ቻለ» ደመወዝ መቀበል ለጀመረ ልጅ ሁሉ የሚባል ነው። «ጎጆ መውጣት» ልቤን ወስዶት ነበር፤ ግን የሙሽሮች ቃል ነው፣ ከእነሱ መንጠቅ ደስ አላለኝም።

ነገሩ ምንድን ነው? አንድ ቤተሰብ ከሚበላውና ከሚገለገልበት የቻለውን ያህል በገዛ ግቢው አምርቶ፣ ጠግኖና አቆይቶ መኖሩ ነው። አትክልት ይተክላል፣ ዶሮ ያረባል፣ ዳቦውን ይጋግራል፣ የተቀደደውን ይሰፋል። ለገበያ የሚያመርት ገበሬ የሚያስበው ስለ ዋጋ ነው፤ እዚህ ግን ድስቱ ይቀድማል። ከድስት የተረፈ ካለ ይሸጣል፣ አለዚያም ጎረቤት ይቀምሰዋል።

እናም «ጓሮ አደር» እላለሁ። አማርኛ ሰውን በመተዳደሪያው መጥራት ያውቅበታል፦ አርሶ የሚያድረው አርሶ አደር፣ አርብቶ የሚያድረው አርብቶ አደር፣ በላቡ የሚያድረው ላብ አደር ነው። በጓሮው የሚያድረውስ? አንድ ወዳጄ ቃሉን ሲሰማ «ሚስቱ በር ዘግታበት ውጭ ያደረ ባል ይመስላል» ብሎ ሳቀብኝ። ይሳቅ፤ ከተለመደ በኋላ የሚስቅበት አይኖርም።

እንግሊዝኛው ቃል ስሙን ያገነነው በጓሮ ሳይሆን በመንግሥት መሬት ነው። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን እ.ኤ.አ. በግንቦት 1862 በፈረመው ሕግ አንድ አመልካች እስከ 160 ኤከር ማግኘት ይችል ነበር። ይህ 65 ሄክታር ገደማ ነው፤ በእኛ አለካክ ከአንድ ጋሻ ተኩል ይበልጣል። ግዴታው ቤት ሠርቶ 5 ዓመት መኖርና መሬቱን ማልማት ነበር። መሬቱ ግን ባለቤት አልባ አልነበረም፤ ነባሮቹ ሕዝቦች የተነቀሉበት ነው።

የዛሬው ትርጉም ሌላ መንገድ ይዞ መጣ። ሄለንና ስኮት ኒሪንግ የተባሉ ጥንዶች እ.ኤ.አ. በ1932 ኒውዮርክን ለቀው ቨርሞንት ገጠር ገቡ፤ ከድንጋይ ቤት ገነቡ፣ ያበቀሉትን አትክልት በሉ። በ1954 ያሳተሙት የኑሯቸው መጽሐፍ በ1970 ዳግም ሲወጣ ከከተማ ለሸሹ ወጣቶች መመሪያ ሆነ። እነሱም ቢሆኑ ጥሬ ገንዘብ አላስፈለጋቸውም ማለት አይደለም፤ ከሜፕል ዛፍ የሚቀዳውን ጣፋጭ ውሃ አፍልተው ሽሮፕ እያደረጉ ይሸጡ ነበር። ጀማሪ ይህን ቢያስብበት ጥሩ ነው። ጓሮ አደርም ግብር ይከፍላል፣ ጨው ይገዛል።

ደግሞ 65 ሄክታር አያስፈልግም። ዋሽንግተን አካባቢ ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው በረንዳው ፀሐይ ካገኘ ቃሪያና በሶብላ በማሰሮ ሊያበቅል ይችላል። መነሻው ማድ ቤት ይሁን፦ በየሳምንቱ ከምንገዛው የትኛውን እኛው ማብቀል እንችላለን? ቤቱ ጎመን የማይወድ ከሆነ ጎመን መትከል ትርፉ ድካም ነው። ዶሮ የሚያምረው ሰው አስቀድሞ የከተማውን ደንብ ይጠይቅ፤ በአሜሪካ ዶሮ ማርባት በሚፈቀድባቸው ብዙ ከተሞች እንኳ አውራው በጩኸቱ ይከለከላል። ጫጩት ዛሬ ተገዝቶ ነገ እንቁላል የለም፤ አምስት ስድስት ወር መቀለብ አለ። ክረምት ገብቶ ቀኑ ሲያጥርም ዶሮዋ እንቁላል መጣሏን ትቀንሳለች።

በአንድ ነገር ግን ቀልድ የለም። እኛ ሥጋ የምናቆየው ቋንጣ አድርገን በማድረቅ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ምግብን በጠርሙስ አሽጎ ማቆየት የተለመደ ነው። ባቄላን፣ ሥጋንና የመሳሰሉትን ኮምጣጣነት የሌላቸውን ምግቦች በፈላ ውሃ ብቻ ቀቅሎ ማሸግ አደገኛ ነው። የቦቱሊዝም ተህዋስ ዘር 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድን ይቋቋማል፣ አየር በሌለበት ጠርሙስ ውስጥም መርዝ ያመነጫል። ለዚህ በእንፋሎት ግፊት እስከ 116 ዲግሪ የሚደርስ ልዩ ድስት ያስፈልጋል። ድስቱ የሌለው ያድርቅ፣ ወይም በፍሪዘር ያቆይ።

አጠቃቀሙን ላሳጥር። ሰውየው ጓሮ አደር፣ ኑሮው ጓሮ አደርነት ይባል። የ1862ቱን ሕግ ግን «የጓሮ አደር አዋጅ» ብሎ መተርጎም ስህተት ነው፤ ያ ሕግ ያደለው የሰው መሬት ነውና «የሰፈራ መሬት ሕግ» ቢባል ይሻላል።