ሐበሻ የቆረቆራት የሕንድ ከተማ

በሕንድ አገር በደካን ምድር አውራንጋባድ ስትባል የኖረች ጥንታዊት ከተማ አለች። ታሪክን ለማየት አንድ ቀን የሚውልባትን መንገደኛ መሪዎች አስቀድመው የሚወስዱት ወደ ቢቢ ካ መቅበራ ነው፤ ይኸውም የሞጎሉ ንጉሥ የአውራንግዜብ ሚስት ዲልራስ ባኑ የተቀበረችበት፤ በአግራ ያለውን ታጅ ማሃልን የሚመስል ሕንጻ ነው። ነገር ግን ከኢትዮጵያ የሄደ ሰው ይህን ብቻ አይቶ ቢመለስ የወገኑን ሥራ ሳያይ መመለሱ ነው፤ ከተማዪቱን የቆረቆራት ሐበሻ ነውና።

ይህ ሰው ማሊክ አምበር ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1548 ገደማ በኢትዮጵያ ተወልዶ በልጅነቱ ለባሪያ ነጋዴዎች ተሸጠ፤ ከሞካ እስከ ባግዳድ ከእጅ ወደ እጅ ተላልፎ፤ ስሙም ተለውጦ፤ በመጨረሻ ወደ ደካን ተወሰደ። በዚያ የገዛው የአሕመድናጋር መንግሥት ጠቅላይ ሚኒስትር ቺንጊዝ ኻን ራሱ አስቀድሞ ባሪያ የነበረ ሐበሻ ነበረ። ጌታው ከሞተ በኋላ አምበር ነጻ ወጥቶ ወታደር ሆነ፤ ጭፍራም አበዛ። በ1600 ሞጎሎች አሕመድናጋርን በያዙ ጊዜ ከንጉሡ ዘር አንዱን አንግሦ፤ እንደራሴው ሆኖ ጠላትን ተከላከለ።

ኻድኪ የምትባለውን መንደር በ1610 መናገሻ ከተማ አደረጋት። በ1612 ሞጎሎችን ድል ባደረገ ጊዜ ያሠራው የባድካል በር እስከ ዛሬ ቆሞ ይታያል። ከሁሉ የሚደነቀው ግን ነህር የሚባለው የውሃ ሥራው ነው። በስተ ሰሜን ካለው ኮረብታ ውሃውን በምድር ውስጥ በተገነባ ቦይ አውርዶ፤ በሸክላ ቧንቧ ለየሰፈሩ አከፋፈለው። ዛሬ ብዙው ክፍል ቢበላሽም፤ ከእርሱ በኋላ የተነሣ ትውልድ ሁሉ፤ የጠላቱም ወገን ጭምር፤ ከዚህ ውሃ ጠጥቷል።

የሞጎሉ ንጉሥ ጃሃንጊር አምበርን በጦርነት ሊያጠፋው ስላልቻለ፤ በ1616 ገደማ የአምበርን የተቆረጠ ራስ በቀስት ሲወጋ የሚያሳይ ሥዕል በአቡል ሐሰን እጅ አሣለ። ይህ ግን በሥዕል እንጂ በእውነት አልሆነም፤ አምበር በ1626 ዕድሜ ጠግቦ ሞተ። ያን ጊዜም የጃሃንጊር ታሪክ ጸሐፊ ሙታሚድ ኻን የጦር ብልሃቱንና የፍርዱን ቅንነት መስክሮ ጻፈለት።

ልጁ ፋቴ ኻን ከተማዪቱን ፋቴናጋር አላት፤ በ1653 አውራንግዜብ በራሱ ስም አውራንጋባድ አላት፤ በ2023 ደግሞ ቻትራፓቲ ሳምባጂናጋር ተባለች። ወላጆቹ ያወጡለትን ስም በባርነት የተነጠቀው ሰው፤ የቆረቆራትም ከተማ ስሙን አልያዘችለትም።

ቀኑ ሲመሽ መንገደኛው ወደ ኩልዳባድ ይሄዳል። አውራንግዜብ በዚያ ጣራ በሌለው መቃብር ተኝቷል፤ ከዚያው መንደር ማሊክ አምበር በጉልላት ሥር አርፏል። ዮሴፍም በልጅነቱ ተሸጦ በባዕድ አገር ገዥ ሆነ፤ ወገኖቹ ግን ከግብፅ ሲወጡ ዓፅሙን አልተዉትም። የማሊክ አምበርን ዓፅም ወደ አገሩ የወሰደ ወገን የለም። እንግዲህ የሚቀረው፤ ከአገሩ የሚሄድ ሁሉ በመቃብሩ ደጅ ቆሞ የማን ልጅ እንደ ነበረ ማስታወስ ነው።