መንገዱና የመንገዱ ዳር፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ታሪክ ስለ ዕድገትና ድህነት የሚገኝ ትምህርት

በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ውስጥ ለዕጩ መምህራን «በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ ረሃብ የደረሰው ለምንድን ነው?» የሚል ጥያቄ ሲቀርብላቸው አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጡት መልስ «ዝናብ ስለ ጠፋ» የሚል ነው። መልሱ ሐሰት አይደለም፤ ግን ግማሽ ነው። ይህን ግማሽ መልስ ይዞ ወደ ክፍል የሚገባ መምህር፣ ሳያስበው የወሎን ልጅ «ወገኖችህ ያለቁት ሰማይ ስለ ከዳቸው ብቻ ነው» ብሎ ያስተምረዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ቀሪውን ግማሽ ከደሴና ከኮምቦልቻ አካባቢ ታሪክ በመነሣት ማሳየት ነው። ዋና ሐሳቡም የሚከተለው ነው፦ የአንድ አገር ጠቅላላ ምርት ማደግ አስፈላጊ ቢሆንም፣ ድህነት የሚቀንሰው ዕድገቱ የድሃውን ቤተሰብ የመግዛት አቅም ሲያሳድግና ይኸው አቅም በክፉ ቀን እንዳይፈርስ ዋስትና ሲኖረው ነው።

ሀ. ሁለቱ ከተሞችና መንገዱ

ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ስም ያወጡላት፣ ንጉሥ ሚካኤልም መናገሻቸው ያደረጓት ደሴ፣ በጦሳ ተራራ ሥር ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በሐረጎ ቁልቁለት 25 ኪሎ ሜትር ያህል ሲወረድ ደግሞ በቦርከና ሸለቆ ኮምቦልቻ ትገኛለች። የሁለቱን ከተሞች ዕድል በአመዛኙ የወሰነው መንገዱ ነው። በጠላት ወረራ ዘመን ከአዲስ አበባ በደሴ በኩል ወደ አሥመራ የሚያልፈው መንገድ ለመኪና ተስተካክሎ ተሠራ፤ ከኮምቦልቻም በባቲ በኩል ወደ አሰብ የሚወርደው ቅርንጫፍ ተዘረጋ። ከነጻነት በኋላ በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ሲቋቋም፣ ከዓለም ባንክ በተገኘ ብድር የአገሪቱን ዋና ዋና መንገዶች የማደስ ሥራ ቀጠለ።

ስለዚህ በዘመኑ የዕድገት ምልክት ተብለው ከሚቆጠሩት ነገሮች አንዱ፣ ማለትም ጥሩ አውራ ጎዳና፣ ለዚህ አካባቢ ቀድሞ ደርሶታል። ጭነት መኪናዎች ቀንና ሌሊት ያልፉ ነበር። ዳሩ ግን መንገድ ዕቃን ሊያመጣ እንደሚችል ሁሉ ሊወስድም ይችላል። ወዴት እንደሚጫን የሚወስነው የገዢው ኪስ ነው።

ለ. የ1965 እና የ1966 ዓ.ም. ረሃብ

ሦስተኛው የአምስት ዓመት የልማት ዕቅድ ከ1961 እስከ 1965 ዓ.ም. የሚሠራበት ነበር። ዕቅዱ በሚጠናቀቅበት ጊዜ በወሎ የ1964 ክረምት ዝናብ አንሶ፣ የ1965 በልግም ከሽፎ ነበር። ርሃብተኛው ከየቀበሌው እየወጣ ወደ አውራ ጎዳናው ወረደ፤ መኪና እያስቆመም ምግብ ይለምን ጀመር። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ያቀረበው የቴሌቪዥን ፊልም የተሠወረውን እልቂት ለዓለም ገለጠው።

ይህን ረሃብ በጥልቀት ከመረመሩት ምሁራን አንዱ የሕንዱ የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ ሦስት ነገሮችን አሳይቷል። አንደኛ፣ በ1965 የኢትዮጵያ ጠቅላላ የምግብ ምርት ይህን የመሰለ እልቂት በሚያስከትል መጠን አልቀነሰም፤ ምርቱ ክፉኛ የወደቀው በወሎ ነበር። ሁለተኛ፣ ሕዝብ እየረገፈ በነበረበት ጊዜ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ እንደሚጠበቀው ያህል አልናረም። ሦስተኛ፣ ከወሎ እህል ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ ይጫን ነበር።

ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? ገበሬው አዝመራው ሲጠፋ የሚበላውን ብቻ ሳይሆን የሚሸጠውንም አጣ። የሚገዛበት ገንዘብ ስለሌለው ፍላጎቱ ወደ ገበያ አልደረሰም፤ ገበያ የሚሰማው የረሃብን ጩኸት ሳይሆን የብርን ድምፅ ነውና። ገዢ በሌለበት ደግሞ ዋጋ አይንርም፤ እህሉም ገንዘብ ወዳለበት ይሄዳል።

የሴን ድምዳሜ ሙግት ሳይነሣበት አልቀረም። በወሎ ውስጥ የነበረው እህል በእርግጥ አንሶ እንደ ነበርና ገበያዎቹም በሚገባ ያልተያያዙ እንደ ነበሩ የሚያመለክቱ ተመራማሪዎች አሉ። ይሁን እንጂ ክርክሩ የሚያተኩረው ከሁለቱ ምክንያቶች የትኛው ያመዝናል በሚለው ላይ እንጂ፣ የድሃው የመግዛት አቅም መፍረሱን በመካድ ላይ አይደለም።

ይህን በግልጽ የምናይበት ሥፍራ የባቲ የሰኞ ገበያ ነው። በባቲ የአፋር አርብቶ አደር ከብቱን፣ ፍየሉንና ግመሉን ያወርዳል፤ ደገኛው እህሉን ያቀርባል። በድርቅ ጊዜ የሁሉም ከብት ከሥቶ በአንድነት ለሽያጭ ስለሚወጣ ዋጋው ይወድቃል፤ በአንዲት ፍየል ይገዛ የነበረው እህል በግማሽ ወይም ከዚያ በላይ ይጎድላል። የአፋሩን ችግር ያባባሰው ሌላም ምክንያት ነበር። የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን በ1954 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ በተንዳሆና በሌሎች ሥፍራዎች የተስፋፉት የጥጥ እርሻዎች፣ አርብቶ አደሩ በበጋ ይጠጋበት የነበረውን የወንዝ ዳር ግጦሽ ወሰዱበት። ጥጡ በአገሪቱ ጠቅላላ ምርት ላይ ተደመረ፤ የጠፋው የበጋ ግጦሽ ግን በየትኛውም ሂሳብ ላይ አልተቀነሰም። በዕቅድ ሰነድ ላይ ዕድገት ሆኖ የተመዘገበው ነገር በባቲ ገበያ ድህነት ሆኖ ታየ።

ገጠመኙ የኢትዮጵያ ብቻ አልነበረም። ብራዚል እ.ኤ.አ. ከ1968 እስከ 1973 በዓመት 10 በመቶ ገደማ እያደገች «ተአምር» ስትባል፣ የ1960 እና የ1970 የሕዝብ ቆጠራዎች ግን የገቢ ልዩነት መስፋቱን አሳይተዋል። በአንጻሩ ቻይና እ.ኤ.አ. ከ1978 ወዲህ ለውጧን የጀመረችው ከገጠሩ ቤተሰብ ማሳ ነው፤ ድህነትም በመጀመሪያ በፍጥነት የቀነሰው በገጠር ነበር።

ሐ. መሬትና ገበያ፣ ከ1967 እስከ 1982 ዓ.ም.

የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኝነትን አስቀረ፤ የወሎ ጭሰኛም ለባለርስት ይከፍለው ከነበረው ድርሻ ነጻ ወጣ። ሆኖም በ1977 ዓ.ም. ከቀድሞው የባሰ ረሃብ ደረሰ፤ የቆረም መጠለያም በዓለም ቴሌቪዥን ታየ። ድርቁ ብቻውን አልመጣም፤ ጦርነት ነበር፣ ገበሬው በተወሰነ ዋጋ ለመንግሥት የሚያቀርበው የእህል ኮታ ነበር፣ እህል ከተረፈበት ክፍለ ሀገር ወደ ጎደለበት እንዳይዘዋወር ነጋዴውን የሚያግድ ኬላም ነበር። በዚያን ጊዜ ከወሎና ከሌሎች ክፍላተ ሀገር 600,000 ያህል ሰዎች በሠፈራ ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ምዕራብ ተወሰዱ። ኮታው የቀረው በ1982 ዓ.ም. በታወጀው የኢኮኖሚ ማሻሻያ ነው።

የኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የተተከለውም በእነዚሁ በ1970ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ነበር። ስለዚህ የአካባቢው አረጋውያን ስለዚያ ዘመን ሲናገሩ የፋብሪካው መከፈትና ረሃቡ ጎን ለጎን ይነሣሉ። ፋብሪካው ለብዙ ቤተሰብ እንጀራ ሆኗል፤ ነገር ግን ከከተማው ወጣ ብሎ በተራቆተ ተዳፋት ላይ የሚያርሰውን ገበሬ ኑሮ ብቻውን ሊለውጥ አልቻለም።

መ. የቅርቡ ዕድገትና ፈተናው

በመንግሥት ጥናት መሠረት ከድህነት ወለል በታች ይኖር የነበረው የኢትዮጵያ ሕዝብ በ1988 ዓ.ም. 45.5 በመቶ፣ በ1997 ዓ.ም. 38.7 በመቶ፣ በ2003 ዓ.ም. 29.6 በመቶ፣ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ 23.5 በመቶ ነበር። ይህ ታላቅ ለውጥ ነው። ለውጡን ካመጡት ምክንያቶች ዋነኛው የግብርና ዕድገት እንደ ነበር የዓለም ባንክ ጥናት ገልጿል። በተጨማሪም በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም፣ በየዓመቱ የምግብ እጥረት ለሚደርስባቸው ወረዳዎች፣ የወሎን ወረዳዎች ጨምሮ፣ እርከንና መንገድ እየሠሩ አስቀድሞ የታወቀ ክፍያ በእህል ወይም በገንዘብ የሚያገኙበትን ሥርዓት ዘረጋ። በመጀመሪያው ዓመት 5 ሚሊዮን ገደማ ሰዎችን ያቀፈው ይህ ፕሮግራም ለባቲው ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው ማለት ይቻላል፤ ዓላማው ቤተሰቡ በሬውንና ፍየሏን በክፉ ቀን በርካሽ እንዳይሸጥ ማድረግ ነውና። ሆኖም እስከ 2008 ዓ.ም. ባለው ጊዜ የከተማና የገጠር ድህነት ልዩነት አልጠፋም፤ በዚያው ዓመት በከተማ 14.8፣ በገጠር 25.6 በመቶ ነበር።

በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተመረቀ። ከአዋሽ በኮምቦልቻ በኩል እስከ ሐራ ገበያ 390 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የባቡር ሐዲድም ተዘረጋ። ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ 2014 ዓ.ም. ግን ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን አዳረሰ፤ ፋብሪካዎች ተዘረፉ፣ ወደሙም። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያ ከቀረጥ ነጻ ወደ አሜሪካ ገበያ ከምትገባበት የአጎዋ ዕድል ታገደች። ስፌት ቤት ተቀጥራ በደመወዟ ወንድሞቿን የምታስተምር ወጣት የኑሮዋ መሠረት በአንድ ወር ውስጥ ሲናድ አየች። የገጠሩ ቤተሰብ በሬውን የሚያተርፍበት ሴፍቲኔት ቢዘረጋለትም፣ ለእርሷ በዚያ መጠን የሚደርስ ዋስትና አልነበረም።

ሠ. ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች

ከዚህ ታሪክ ለክፍል ሥራ የሚሆን አንድ ቀላል ተግባር ማውጣት ይቻላል። ተማሪዎች በአቅራቢያቸው ባለው ገበያ በየሳምንቱ የአንዲት ፍየልንና የአንድ ቁና እህልን ዋጋ ይመዝግቡ፤ በፍየሏ ዋጋ ስንት ቁና እንደሚገዛ ያስሉ፤ ከመኸር እስከ ክረምት ያለውን ለውጥም በሥዕላዊ ሰንጠረዥ ያሳዩ። በዚህ ሂሳብ፣ ምጣኔ ሀብትና ታሪክ በአንድ ወረቀት ላይ ይገናኛሉ። ተማሪው ረሃብ ከመድረሱ አስቀድሞ በገበያ ላይ ምልክት እንደሚያሳይም በገዛ እጁ ያረጋግጣል።

ለዕቅድ አውጪው ደግሞ፣ የዕድገት አኃዝ በቀረበለት ቁጥር ሦስት ጥያቄዎች እንዲያነሣ ማሳሰብ ይገባል። የማን ገቢ አደገ? ዕድገቱ ከማን ላይ ምን ወሰደ? ነገ ዝናብ ቢጠፋ፣ ፋብሪካ ቢዘጋ ወይም ሰላም ቢደፈርስ፣ ያደገው ገቢ በምን ይጠበቃል? በ1965 ዓ.ም. እነዚህ ጥያቄዎች ተነሥተው ቢሆን ኖሮ የተንዳሆ ጥጥና የአፋሩ ፍየል በአንድ ገጽ ላይ በታዩ ነበር።

አውራ ጎዳናው ዛሬም በሐረጎ ቁልቁለት ይወርዳል። ጭነት መኪናዎች በመንገዱ ዳር የቆመውን ሰው ደጃፍ ሲያልፉ፣ እርሱም በሚገዛበት ገንዘብ ሊያስቆማቸው የቻለ እንደሆነ፣ በዚያን ጊዜ ዕድገት ተገኘ ለማለት እንደፍራለን። ልጆቻችንንም ማስተማር የሚገባን ይህንኑ ነው።