ብስክሌት ላይ የተገጠመው የሆንዳ ሞተር

ሆንዳ ኤ-ታይፕ፣ ለብስክሌት የሚገጠም ረዳት ሞተር
አሉሚኒየምና ብረት
እ.ኤ.አ. ከ1947 ጀምሮ የተመረተ፤ ሃማማትሱ፣ ጃፓን

ይህ 50 ሲሲ፣ ባለ ሁለት ምት ሞተር በብስክሌቱ አካል መካከል ይታሰርና ኃይሉን በቺንጋ ወደ ኋላ ጎማ ያስተላልፋል። የሆንዳን ስም ይዞ ለገበያ የቀረበ የመጀመሪያው ምርት ነው።

የሆንዳ ኩባንያ መሥራች ሶይቺሮ ሆንዳ በ1906 ተወለደ። ብረት ቀጥቃጭ የነበረው አባቱ ብስክሌትም ይጠግን ነበር። ልጁ በ15 ዓመቱ ቶኪዮ ገብቶ በመኪና ጋራዥ ሙያ ተማረ፤ በኋላም የፒስተን ፋሻ ማምረት ጀመረ።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ ጃፓን ውስጥ ነዳጅ ብርቅ ነበር፤ ባቡሩም ከአፍ እስከ ገደፉ ይሞላ ነበር። ሆንዳ በ1946 ከጦር ሠራዊቱ የሬዲዮ ጄኔሬተሮች የተረፉ ትንንሽ ሞተሮችን አገኘና ብስክሌት ላይ ገጠማቸው። ለመጀመሪያው ሙከራ የነዳጅ ታንክ የሆነው በብርድ ሌሊት ፍል ውሃ ተሞልቶ መኝታ የሚሞቅበት ዕቃ ነበር! ከመጀመሪያዎቹ ሞካሪዎች አንዷ ባለቤቱ ሳቺ ናት።

የተረፉት ሞተሮች ሲያልቁ የራሱን ሠራ፤ እዚህ የሚታየው ያ ነው። ሆንዳ ሞተር ኩባንያ በመስከረም 1948 ተቋቋመ።